መሪው ውስጥ የነበረው ፊኛ

ሾፌሮች አይወዱኝም። ታክሲ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ እመረምረዋለሁ፤ አቀማመጡን፣ ቀበቶውን፣ አፉን ሳይቀር። «እማማ፣ ትራፊክ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?» ያለኝ አለ። ልጆቼማ ከእኔ ጋር መንገድ መውጣት ያሳፍራቸዋል። ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል፤ በአጭሩ የሚመለስ አይደለም፣ መልሱ አንድ ሙሉ ቀን ነዋ! እስቲ ዛሬ ያችን ቀን ከነአቧራዋ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ገደማ ነው። እኔ በአፋር በረሃ፣ ዱብቲ ሆስፒታል ጤና ረዳት ነበርኩ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ በብርድ ያደገ ገላ ዱብቲ ሲጣል ምን እንደሚሆን ያየው ያውቀዋል። ስሜ ፀሐይ መሆኑ ደግሞ ለአገሬው መሳቂያ ሆኖ ነበር። «ያለችን አልበቃ ብላ ሌላ ፀሐይ ላኩብን!» ብሎ መጀመሪያ የቀለደብኝ የጥጥ እርሻው ሾፌር ጋሼ ሰይድ ነው።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ የባቲ። ጉልምስናውን በአሰብ መንገድ ላይ በከባድ መኪና ጨርሶ፣ ሲሰለቸው እርሻው ውስጥ ተቀጠረ። ሚስቱ እትዬ ዘይነባ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ዘመድ አልባ ስለነበርኩ ምሳዬን እዚያ እየበላሁ ቀስ በቀስ ቤተኛ ሆንኩ። ዱብቲ ግን ጋሼ ሰይድን የሚያውቀው በሾፌርነቱ አልነበረም፤ በድምፁ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጥጥ ለቃሚውም፣ ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሻይ ቤቱ ደጅ ይሰበሰባል። እሱ መንዙማ ያወጣል፣ ሰው ይቀበላል። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሰበር ነገር ነበረው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሙቀቱም ዝንቡም ይረሳኛል። ግጥሞቹ የራሱ ናቸው። አንዱን እንኳ ወረቀት ላይ አላሰፈረም።

አንድ ጊዜ ቴፕ ተውሼ «ልቅረጽህ» ብለው ሳቀብኝ።

«ድምፅ አማና ነው፣ ልጄ፤ የአላህ አደራ። ካሴት ውስጥ አስሬው ብሞት ማን ይፈታልኛል?»

እኔም ስቄ ቴፑን ለባለቤቱ መለስኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያ ሰሞን የትልቋ ልጁ የሰዓዳ ሰርግ ደርሶ ነበር። ሰዓዳ አባቷን ወርቅ አልጠየቀችም፣ ልብስ አልጠየቀችም። ለኒካሕዋ አዲስ መንዙማ እንዲያወጣላት ብቻ ነው የለመነችው። እሱም ሲነዳ ሲነዳ መንገድ ላይ ይሠራላታል፤ ከመኪና በወረደ ቁጥር «ትንሽ ቀረኝ» ይላል። እትዬ ዘይነባ «ልጅቷ አርጅታ ልታገባ ነው» እያለች ታበሽቀዋለች።

ያን ጊዜ እኔ ድሬዳዋ ያለች አክስቴን ጠይቄ በባቡር አዋሽ ደረስኩ። ጋሼ ሰይድም እዚያው አዋሽ መኪና ሊረከብ መጥቶ ነበርና አብረን ልንመለስ ተቃጥረናል። የመኪናዋ ባለቤት ሚስተር ሉካስ የሚባል፣ በእርሻው ውስጥ የሚሠራ የመስኖ ባለሙያ ነው። ከአገሩ ያስመጣትን አዲስ የቤት መኪና ከአዲስ አበባ አዋሽ ድረስ ራሱ ነድቶ፣ ከዚያ እሱ ለሥራ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሊሄድ፣ ጋሼ ሰይድ ደግሞ መኪናዋን ዱብቲ ሊያደርስለት ነው ነገሩ።

ጣቢያው ፊት ለፊት ቆማ ሳያት ዱብቲ የምትሄድ መኪና አልመሰለችኝም። ትብረቀረቃለች። ሚስተር ሉካስ የትንባሆ ፒፓውን በአፉ እንደያዘ የሾፌሩን በር ከፈተ።

«ሰይድ፣ ና» አለና የመሪውን መሃል በመዳፉ ሸፈነ። «እዚህ ውስጥ፣ ፊኛ አለ።»

«ምን አለ?»

«ፊኛ። መኪና ሲጋጭ፣ ቡም! ፊኛ ይወጣል። ደረት መሪ አይመታም። ራስ መስታወት አይመታም። ሾፌር አይሞትም።»

ባቡር የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ከበበን። ብርቱካን የምትሸጥ ሴት አንገቷን አስግጋ «ለልደት ነው?» ስትል ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ሰይድም መሪውን በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን ለጠፈበት።

«ነፍሴን ለፊኛ አደራ ልስጥ? እሺ ይሁን፣ እስከ ዛሬም በማን እንደተያዘች አላህ ነው የሚያውቀው!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ከአሰብ መንገድ ስንት ሾፌር ተሸክመውልን መጥተው ነበር። ውጪያቸው ደህና ይመስላል፤ ሸሚዙን ስንከፍተው መሪው ደረታቸው ላይ ክቡን አትሞበታል፣ ውስጡ ደቋል። እጃችን ላይ ነው የሚያልፉት። እንዲህ ያለ ነገር በየመኪናው ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። «ለእኔስ?» ስለው ሚስተር ሉካስ በሀዘን ራሱን ነቀነቀ። «ሾፌር ብቻ። ለአንቺ ቀበቶ።»

ከዚያ ምክሩን ቀጠለ። ያለ ቀበቶ ፊኛው ራሱ እንደሚጎዳ ነገረው። ከመሪው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አሳየው። በመጨረሻም ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ከፍ አደረገና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሲነዱ ፒፓ አፍ ውስጥ፣ የለም። ፊኛ በጣም ፈጣን ነው። በጣም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጋሼ ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እሱ እኔን አይመለከትም። ትንባሆ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«ሰይድ አያጨስም! እኛ ምስክር ነን» አለ የሚያውቀው አንድ የጣቢያ ሠራተኛ። ሚስተር ሉካስም «በጣም ጥሩ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ባቡሩ ጮኸ፣ ሰዉ ወደ ዕቃው ሮጠ፣ ምክሩም በዚሁ አለቀ።

ተነሳን። ጋሼ ሰይድ ለፈረንጁ ክብር ሲል ቀበቶውን አስሮ ነበር። ከከተማው ወጥተን ኬላውን እንዳለፍን ጠቅ አድርጎ ፈታው።

«ምነው ጋሼ?»

«ወንድ ልጅ መንግሥት ያስረዋል እንጂ መኪና ያስረዋል?»

ደንግጬ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ኋላ ያለው ሻንጣዬ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ሻንጣም ይሰማዋል ተብሎ ይፈራል። «አንቺ ግን እንዳትፈቺ። የሰው ልጅ ነሽ» አለኝና የእኔን ቀበቶ ስቦ አጠበቀልኝ። ወንበሩንም ወደ ፊት መለሰው። ደረቱን መሪው ላይ ለጥፎ ነው የሚነዳው፤ የድሮ ከባድ መኪና መሪ በጉልበት ስለሚዞር እንደዚያ ለምዷል። «ከሩቅ ሆኖ መንዳት በደብዳቤ መሳሳም ነው» ይላል።

ገዋኔ መውጫ ላይ አንድ ጠና ያለ አፋር እጁን አነሳ። በዚያ ንዳድ ቆሞ እጁን ያነሳን ሰው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ጋሼ ሰይድም ጥሎ አያውቅም። ሰውየው ሑመድ ይባላል። ጊሌ የሚሉትን ጩቤውን ወገቡ ላይ ታጥቋል፣ የታሰረ የመፋቂያ እንጨት ነዶ ታቅፏል። ሰመራ ሜዳ ላይ ካለው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ አጠገብ ዘመዶቹ ሰፍረዋል፤ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ የለም፤ ካምፑና ገላጣው ሜዳ ብቻ ነው። ሑመድ አማርኛው ጥቂት ነው። «ሰላም ነው? ደህና ነው?» ብሎ ከኋላ ተቀመጠ።

ከገዋኔ በኋላ ሙቀቱ ጣለኝ። መስኮቱን ብከፍት እሳት ነው የሚገባው፣ ብዘጋው እታፈናለሁ። በሕልሜ መሃል ጋሼ ሰይድ ሲያዜም ይሰማኝ ነበር፤ አንዳንዴ ይቀርባል፣ አንዳንዴ ይርቃል። ዓይኔን ልግለጥ እላለሁ፣ ሽፋኑ ይከብደኛል። ነቅቼ ቀና ስል ሚሌ ገብተናል፣ ጋሼ ሰይድ ፊቱ በርቷል።

«ጨረስኩት!» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሰዓዳን ነዋ! እዚህ መንገድ ላይ ሞላልኝ። እንዴት ያለ መሰለሽ! ሑመድ ምስክሬ ነው።» ሑመድ ከኋላ ስሙን ሲሰማ ፈገግ አለ።

«ታዲያ ድገምልኛ።»

«ሙሽራዋ አንዴ ሳትሰማው ላንቺ ሁለቴ? ማን ተኚ አለሽ? እንደ ሰዉ ኒካሑ ላይ ትሰሚዋለሽ።»

የልጅ ነገር ሆኖብኝ አኮረፍኩት። እሱም እየሳቀ ከመኪናው ወረደ።

ሚሌ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ሁለቱ የቀትር ሶላታቸውን፣ ዙህርን ሰገዱ። ስንነሳ ሑመድ ከነዶው አንዱን መረጠና ጫፉን በጊሌው ልጦ፣ አለዝቦ ለጋሼ ሰይድ ሰጠው። በእነሱ ዘንድ ውለታ በባዶ እጅ አይታለፍም። ጋሼ ሰይድ አሽትቶት «ማሻአላህ፣ ትኩስ ነው» አለና አፉ ውስጥ ከተተው። እንደ ሁልጊዜው ጉንጩ ላይ ወተፍ አድርጎ፣ እያኘከም እየፋቀም መንዳት ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልቁምና አንድ ነገር ልበል። መኪናዋ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። ሁለታችን የፒፓውን ምክር በጆሯችን ሰምተናል። ነገር ግን ፒፓ የማያጨስ ሰው የሚርቀው ነገር ነው፤ መፋቂያ ደግሞ ሱና ነው፣ የነቢዩ ልማድ ነው፣ ንጽህና ነው፣ ከሶላት በፊት የሚያዝ ነገር ነው። ነውርና ሱናን አንድ ላይ አስቀምጦ «ሁለቱም እንጨት ናቸው» የሚል ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። ሾፌር ሁሉ መፋቂያ በአፉ ይዞ ነው የሚነዳው። እንቅልፍ ይከለክላል ይባል ነበር። እኔ ራሴ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ አስነክሰው ነበር።

ሎግያን አልፈን ሜዳውን ስንይዝ ነፋሱ ተነሳ። የዚያ አገር ነፋስ ሲነሳ መሬቱን ይዞ ነው፤ አድማሱ ቡናማ ሆነ፣ ፀሐይዋ ደበዘዘች። ጋሼ ሰይድ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መብራት አበራ፣ ይበልጥ ወደ መሪው ተጠጋ። እኔ ዳሽቦርዱን ያዝኩ። ሑመድ ከኋላ በለሆሳስ ዱዓ ያደርጋል።

አቧራው አንዴ ገለጥ ሲል ፊት ለፊታችን ጎማ የሚቀይር ባለተሳቢ መኪና መንገዱ ላይ ቆሟል። ከኋላው ድንጋይ ደርድረዋል፤ የደረደሩትን ድንጋይ ግን አፈሩ አልብሶታል። ጋሼ ሰይድ ፍሬኑን ረገጠና መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ተሳቢውን ለጥቂት አለፍነው። እፎይ ልል አፌን ስከፍት የትንሿ ድልድይ የሲሚንቶ ግንብ ከአቧራው ውስጥ ወጣ።

የሰማሁት ድምፅ የግጭት አልመሰለኝም፤ ጥይት የተተኮሰ ነው የመሰለኝ። ቀበቶው አንገቴ ሥር ያለውን የትከሻ አጥንት ሰበረኝ። መኪናው ውስጥ ነጭ ብናኝ ሞላ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እሳት ተነሳ ብዬ ጮህኩ። ብናኙ ሲረግፍ ከመሪው መሃል አንድ ነጭ ከረጢት ተንጠልጥሎ አየሁ፣ እንደ ባዶ ጆንያ ተልፈስፍሷል። ጋሼ ሰይድ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ የመኪናው አፍንጫ ተጨፍልቋል፤ እሱ ግን ተቀምጧል፣ ዓይኑ ይንቀሳቀሳል።

«ጋሼ! ተረፍክ! ተረፍክ እኮ!» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። ከአፉ ደም ይወርዳል። የመፋቂያው ጫፍ በከንፈሩ መሃል ትንሽ ብቅ ብሏል፤ የቀረው የለም። የቀረው ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሊናገር ሞከረ። የወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም።

ሑመድ ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር፤ የራሱን ትቶ ወደ ፊት ዘሎ እንጨቱን ሊነቅልለት እጁን ሰደደ። «ተው! አትንካው! ከነቀልከው ይሞታል!» ብዬ እጁን መታሁት። የተሳቢው ሰዎች ሮጠው መጡ። አንዱ ውኃ እናጠጣው ይላል፣ ሌላው እናስተኛው ይላል። «ማንም እንዳያጠጣው! በጀርባው እንዳታስተኙት፣ ደሙ ያንቀዋል!» አልኩ። በዕድሜዬ ወንዶች ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ደግፈን አወጣንና ወደ ፊት አጎንብሶ ደሙ በአፉ እንዲፈስ አደረግነው። ደረቱን ዳሰስኩት። ስንት ሾፌር የሞተበትን ያንን ቦታ አጥንት ባጥንት ነካሁት፤ ደህና ነው። ፊኛው ፈረንጁ ያለውን አድርጓል።

ሑመድ በአቧራው ውስጥ ወደ ካምፑ ሮጠ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ እኔ የማዳምጠው የጋሼ ሰይድን ትንፋሽ ነበር። መጀመሪያ ይንኮረኮር ነበር፣ ቀጥሎ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ጉሮሮው እያበጠ መሆኑ ገባኝ፤ ካልፈጠንን ይዘጋል። ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። «አትናገር፣ ተንፍስ ብቻ። ለሰዓዳ ስትል ተንፍስ» እለዋለሁ። በእጁ ጉሮሮውን እየነካ ራሱን ይነቀንቃል። ከሞት ይልቅ የፈራው ሌላ ነገር እንደነበር ያኔውኑ አውቄበታለሁ።

ሑመድ በካምፑ ፒክአፕ ተጭኖ ተመለሰ። ጭነን ወደ ዱብቲ ስንበር ግንባሩን በደህናው እጄ ይዤለት ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ዶክተሩ እንዳየው አንገቱን ከታች በስቶ ቱቦ አስገባለት። ያ የመጀመሪያው አየር በቱቦው ሽው ብሎ ሲገባ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ነው ትከሻዬ መሰበሩ ትዝ ብሎኝ መሬት ላይ የተቀመጥኩት።

እንጨቱን በቀዶ ጥገና ካወጡት በኋላ ዶክተሩ ወደ እኔ መጣ።

«መኪናዋን ያየ ሰው ነገረኝ። ይሄ ሰው በዚያ ግጭት መሞት ነበረበት። አንድ የጎድን አጥንት እንኳ አልተሰበረም።» ጓንቱን አወለቀ። «የድምፁ ነገር ግን አይሆንም። ሹክሹክታ ይተርፈው ይሆናል። ዘፋኝ ነበር አሉኝ?»

«መንዙማ ነው የሚያወጣው» አልኩ። 

እትዬ ዘይነባ በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰች። «ተርፏል?» አለችኝ። ተርፏል አልኳት። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! በይ ልግባና ያውራኝ፣ ድምፁን ልስማው» አለች። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷም በለቅሶዬ ገባት።

ሚስተር ሉካስ ከድሬዳዋ ተመልሶ መጣ። አልጋው ዳር ተቀምጦ «ፒፓ አልኩ። ለምን ፒፓ ብቻ አልኩ?» ይላል ደጋግሞ። አማርኛው የቻለው ያንን ብቻ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከሻይ ቤቷ ሻይ አምጥታ በእጁ አስያዘችው። «አታልቅስ። አንተ ያመጣኸው ነገር ነው ልጆቼን ከየቲምነት፣ ያለ አባት ከመቅረት ያዳናቸው» አለችው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲህ እል ነበር? እንጃ።

ሑመድም ከሽማግሌዎቹ ጋር ፍየል እየነዳ መጣ። በእነሱ ሕግ ከእጁ በወጣ ነገር ሰው ከተጎዳ፣ ሳያውቅም ቢሆን፣ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ጋሼ ሰይድ እጁን ስቦ ጉልበቱ አጠገብ አስቀመጠውና ጭንቅላቱን ደባበሰለት። እኔ ግን ሑመድን ወደ ውጪ ጠርቼ ያላስተኛኝን ነገር ጠየቅኩት።

«መኪና ውስጥ፣ እኔ ስተኛ፣ ምን ብሎ ነበር ያዜመው? አንድ ቃል እንኳ አታስታውስም?»

ሑመድ አሰበ አሰበና «ቋንቋ አላውቅም» አለኝ። «ግን በጣም ጥሩ ነው። እኔ አለቀስኩ።»

ቋንቋውን የማውቀው እኔ ደግሞ ተኝቼ ነበር።

ሰርጉ ለጊዜው ቆመ። ጋሼ ሰይድ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ታክሞ፣ ቱቦው ወጥቶለት፣ የሹክሹክታ ያህል ትንፋሽ ይዞ ተመለሰ። አጠገቡ ላልሆነ ሰው አይሰማም። የሰዓዳን መንዙማ ቃሉን ብቻ በጆሮዬ እንዲነግረኝና ሌላ ሰው እንዲያዜመው ለመንኩት። ብዙ ቀን ሞከረ። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ስንኙ በዜማው ተሳፍሮ ነበር የሚመጣው፣ ልጄ። ዜማው ሲቀር አብሮ ቀረ» አለኝ።

ኒካሑ የታሰረ ቀን ከዙህር በኋላ ሰው ደጁን ሞላው። የማያውቀውን አዲሱን መንዙማ ትተው ሁሉም የሚወደውን አንድ የቆየ የጋሼ ሰይድ መንዙማ ሊሉ ተስማሙ። ድቤው ተመታ። ተቀባዩ ሁሉ በአንድ ድምፅ አዝማቹን አነሳ፤ ሜዳው ተናወጠ። አዝማቹ ሲያልቅ የአውጪው ተራ ሆነ።

ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መቀበሉን ብቻ ነው። መሃሉን፣ ስንኙን፣ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነበር። ስንት ሐሙስ ሰምተነዋል፣ አንዳችንም አልያዝነውም፤ ነገም ይለዋል ብለን።

ማንም ያንን ቦታ ሊሞላው አልደፈረም። ድቤው ቀስ ብሎ መመታቱን ቀጠለ። ጋሼ ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስንኙን አለ፤ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ የሚሰማ ግን የለም። ሰው ሁሉ ያንን ዝምታ አጎንብሶ አዳመጠ። ከንፈሩ ሲቆም ጊዜውን አውቀው ተቀበሉት። እንደገና ዝም፣ እንደገና ተቀበሉ። እስከ መጨረሻው እንዲህ ሆነ። ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። እኔ የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ወላጆቼን ስቀብርም አላለቀስኩም።

እንግዲህ አንባብያን፣ ፊኛው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጥሩ ነው እላለሁ። በመሪ ደረታቸው የደቀቀ ሾፌሮችን ያጠበ እጅ ሌላ ሊል አይችልም። ጋሼ ሰይድ በዚያ ፊኛ የልጅ ልጆቹን አቅፏል። ነገር ግን አዳኝ ነገርም ጉልበት አለው፤ የሚያድነን በዚያው በሚሰብረን ኃይል ነው። ዛሬ በየመኪናችሁ ውስጥ አለ፣ በጋቢናውም በኩል አለ። ቀበቶ ሳታስሩ አትመኑት። ደረታችሁን መሪ ላይ አትለጥፉ። ሕፃን ታቅፋችሁ ጋቢና አትቀመጡ፤ አክብሮት ነው ቢሏችሁም እምቢ በሉ። አፋችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሱናም ይሁን ከረሜላ፣ አውጡት። ይህን ስል ነው እንግዲህ ሾፌሮች የሚጠሉኝ። ይጥሉኝ።

ምክሩን እሰጣለሁ እንጂ ጸጸቴን አልቀነሰልኝም። ቴፑን ባልመልስ ኖሮ፣ ከሚሌ በፊት ዓይኔን ብገልጥ ኖሮ እላለሁ፤ «ኖሮ» ደግሞ ምንም አይመልስም።

አንድ ጊዜ፣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጋሼ ሰይድን ደፍሬ ጠየቅኩት። «መንዙማው አይናፍቅህም?»

እንድጠጋው በእጁ ጠራኝ። «መንዙማውንስ በልቤ እለዋለሁ፣ አላህ ይሰማል» አለኝ በዚያ ትንፋሽ። «የናፈቀኝ ሌላ ነው። ሰው ከሩቅ ስሜን ሲጠራኝ አቤት ማለት ናፈቀኝ።»

ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ ጋሼ ሰይድን ከሩቅ ጠርቼው አላውቅም። አጠገቡ ድረስ ሄጄ ትከሻውን እነካው ነበር።